ባቡሩ ያልጮኸ ዕለት

ፀሐይቱን የማያስፈራት ነገር ቢኖር ባቡር ብቻ ነበር። ከአቃቂ ጣቢያ ጀርባ ከተደረደሩት የድንጋይ ቤቶች በአንደኛው ተወልዳ ስላደገች፣ መሬቱን እያንቀጠቀጠ የሚያልፈው ያ ሁሉ ብረት ለእሷ እንደ ጎረቤት ሳል ነበር። አባቷ ሐዲድ ቀያሪ ነበሩ። ሲሞቱ ያቺን ቤት፣ አንድ ሰማያዊ የሥራ ቆብ፣ አንድ መነጽርና ድምፅን ዝቅ አድርጎ የመናገር ልማድ ትተውላት ሄዱ።

ከባቡር በቀር ግን ሁሉም ያስፈራታል። ውሻ ትፈራለች። ጠጅ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ ወንዶችን ትፈራለች። ስሟ ከሩቅ ሲጠራ ትደነግጣለች፤ ሳይጠራ ሲቀርም ምን አጥፍቼ ይሆን እያለች ትብሰለሰላለች። ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ደግሞ የቢሮ በር ነው። የተዘጋ፣ ቀለም የተቀባ፣ ከወዲያ በኩል ሰው የተቀመጠበት በር።

ይህ የበር ፍርሃት ያለ ምክንያት አልመጣም። ትምህርቷን እንደ ጨረሰች አባቷ ለገሃር ወስደዋት ነበር፤ የባቡሩ መሥሪያ ቤት ታይፕ የምትመታ ልጅ ይፈልጋል ተብሎ። አባት ውጭ ቆሙ፤ እሷ ገባች። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ሳይል «ስምሽ ማን ነው?» አላት። ይኸው ነው፤ ሌላ ክፉ ነገር አልተናገራትም። ስሟ ግን ከአፏ ጠፋ። ሰውዬው ደግሞ ጠየቃት። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት ታየዋለች፤ ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ እንቢ አለ። ጀርባዋን ለበሩ እንዳደረገች ወደ ኋላ ተራምዳ ወጣች። አባቷ ፊቷን አይተው አንድም ነገር አልጠየቋት። ትኩስ ዳቦ ገዝተው በባቡር ወደ አቃቂ መለሷት።

ከዓመታት በኋላ የአቃቂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ አድርጎ ቀጠራት። ርእሰ መምህሩ አቶ መገርሳ የአባቷ ወዳጅ ነበሩና ስሟን አልጠየቋትም። እዚያ ሆና ነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ማየት የጀመረችው። በትምህርታቸው የሚመሰገኑት እነዚያ ልጆች ለኮሌጅ ወይም ለሥራ ፈተና ከተማ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ልክ እሷ እንደ ተመለሰችው ሆነው ይመለሳሉ። የጽሑፉን አልፈው በቃል ጥያቄው የወደቁትን ከፊታቸው ትለያቸዋለች። ዳቦ የተገዛለት ልጅ ፊት ታውቃለች።

አንድ ቀን፣ እነዚህን ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለማለማመድ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ እንዲሰጣት ለመጠየቅ ፈለገች። በቃል መጠየቅ ስላልሆነላት በታይፕ ጽፋ አቶ መገርሳ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ቁልፉን በማግሥቱ ታይፑ አጠገብ አገኘችው።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ አንድ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ በጡብ ደገፈች፤ ከኋላው ወንበር አደረገች። የአባቷን ቆብ ደፋች፤ መነጽራቸውን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ቆቡን ስትደፋ ሌላ ሰው ትሆናለች። ድምፅዋ ይወፍራል፤ ቀና ብላ አታይም። ልጆቹ በየተራ አንኳኩተው፣ ጠብቀው፣ «ይግቡ» ሲባሉ ይገባሉ።

«ስምሽ ማን ነው?» ትላለች፤ ወረቀት እያገላበጠች።

መጀመሪያ ሰሞን ይስቁባት ነበር። ፈየራ የሚሉት ቀልደኛ ልጅ አንድ ቀን፣ «እትዬ ፀሐይቱ፣ ይኼን ሁሉ ተለማምደን ስማችንን ባይጠይቁንስ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። እሷ አልሳቀችም። «ይጠይቃሉ» አለች፤ ከቆቡ ሥር። የድምፅዋን መንቀጥቀጥ ሲሰሙ ሳቁ ቆመ።

የፈራችውን ሁሉ አንድ በአንድ አስተማረቻቸው። ወንበር ሳይሰጥህ አትቀመጥ፤ ከተሰጠህም ጫፉ ላይ አትንጠልጠል። ያልገባህን ጥያቄ አዎን ብለህ አትለፍ፤ ይድገሙልኝ በል። የከተማ ልጆች በልብስ ይበልጡሻል፤ ልብሳቸውን ሳይሆን ግንባራቸውን እይ። አባትሽ ምን እንደሚሠሩ ሲጠይቁሽ ድምፅሽ አይነስ። ስለ ስም ደግሞ ሁልጊዜ የምትደግመው ነገር ነበራት፤ «ሰውዬው የሚጠይቅሽ ስለማያውቀው ነው። በዚያች ሰዓት አዋቂዋ አንቺ ነሽ።» ከፈተናው ቀድማም ከተማ ወስዳ በሩን፣ ደረጃውን፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር ታሳያቸዋለች። ዐይን የለመደውን እግር አይፈራውም ትላቸዋለች። የራሷ እግር ግን በየመንገዱ ይብረከረክ ነበር።

እንዲህ እያደረገች ስንቱን ሸኘች። እርሻ ኮሌጅ የገባ አለ፤ መምህር የሆነች አለች፤ ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ክፍል የተቀጠረም አለ። በባቡር ሲያልፉ በመስኮት ብቅ ብለው «እትዬ!» ይሏታል። እሷም ደንግጣ ከግድግዳ ጀርባ ትሸሸጋለች፤ በኋላ ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

ዙፋን የመጣችው በዚህ መካከል ነው። የአባባ ዱጉማ ልጅ ናት፤ ከገላን በኩል፣ ከሐዲዱ ማዶ ካለው የገበሬዎች መንደር። ረጋ ያለች፣ ጥያቄ ሲቀርብላት ትንሽ አስባ የምትመልስ ልጅ ነበረች። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ከለገሃር ብዙም የማይርቅ የነርሶች ማሠልጠኛ በዚያ ዓመት ተማሪዎች የሚቀበለው በአንድ ቀን ፈተና ነበር፤ ጽሑፉም የቃል ጥያቄውም በዚያው ቀን ያልቃል። አባቷ ግን አልፈለጉም። በጥጥ ፋብሪካው የፈትል ክፍል ቦታ አግኝተውላት ነበር፤ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ነገሩ ከክፋት አልነበረም። ፋብሪካው በእግር ይኬዳል፤ በእግር ይመለሳል። ታላቅ ወንድሟ ኩምሳ በባቡር ተሳፍሮ ሥራ ፍለጋ እንደ ሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፁም አልተሰማ።

አቶ መገርሳ ሽማግሌ ሆነው ለመኗቸው፤ በመጨረሻ ፈተናውን ብቻ እንድትሞክር እሺ አሉ። በፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አባባ ዱጉማ ራሳቸው ልጃቸውን አስከትለው ፀሐይቱ ቤት መጡ። በቀኝ እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል፤ ከወንዝ ዳር የታጨደ፣ ውኃው ገና ያልደረቀ። ፀሐይቱ ወንበር አቀረበች። አልተቀመጡም።

«ኩምሳን ለባቡሩ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «በመስኮት ሆኖ እጁን አወዛወዘልኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እጁን ነው የማየው።»

ፀሐይቱ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«በእኛ ዘንድ እርጥብ ሣር ተይዞ የተሰጠ አደራ አይበላም። ይኸው፣ ልጄ፣ ያዢ። ነገ ጧት ልሸኛት አልችልም፤ ከብት የሚፈጀው የደስታ በሽታ ገብቷልና ሐኪሞቹ መርፌ ሊወጉ ይመጣሉ። ያገሩ ከብት ሁሉ ከሌሊቱ ጀምሮ ወደ ሜዳው ይነዳል። ማታ ግን ከባቡሩ ስትወርድ ጣቢያው ላይ ቆሜ አገኛታለሁ። ካልወረደች . . .»

አልጨረሱትም። ፀሐይቱም ሣሩን በሁለት እጇ ተቀበለች። ቀዝቃዛ ነበር።

ያን ሌሊት ዙፋን እሷ ዘንድ አደረች። ልጅቷ ተኛች፤ ፀሐይቱ አልተኛችም። እርሳስ ተቀርጿል። ላጲስ አለ። መታወቂያው አለ። መሐረብ፣ ዳቦ፣ አዝራር ቢበጠስ መርፌና ክር፣ ዝናብ ቢመጣ ላስቲክ። ሣሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ያልታሰበ ነገር የለም ብላ ራሷን አጽናናች። ግን አልተጽናናችም።

እዚህ ላይ የአቃቂን ሰው ልማድ መናገር ያስፈልጋል። ከተማ የሚያስገባው የጧት ባቡር የሚመጣው ከቢሾፍቱ በኩል ነው። ገላን አጠገብ የከብት መሻገሪያ አለ። ጧት ጧት የመንደሩ ከብት ሐዲዱን ተሻግሮ ወደ ግጦሽ ስለሚሄድ፣ ነጂው እዚያ ሲደርስ ጡሩምባውን ረዘም አድርጎ ያስጮኸዋል። ጩኸቱ አቃቂ ድረስ ይሰማል። ከጩኸቱ በኋላ የቀረ ሻይ ተጠጥቶ፣ ጫማ ታስሮ፣ በር ተቆልፎ ባቡሩ ሳይደርስ ጣቢያው ላይ ይደረሳል። ስለዚህ አቃቂ ውስጥ ጣቢያ ሄዶ ባቡር የሚጠብቅ የለም፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጩኸቱን ነው የሚጠብቀው። ቀድሞ ሐዲዱ ዳር የተገተረ ሰው እንግዳ መሆኑ በዚያ ይታወቃል። ፀሐይቱ ይህን ልማድ ትወደው ነበር። ከሰው ዐይን ያድናታል።

ጧት ሁለቱም ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ፀሐይቱ የመጨረሻውን ልምምድ አደረገቻት፤ ያለ ቆብ፣ በሹክሹክታ። ዙፋን ሁሉንም መለሰች። ሻዩ ተጠጣ። ጩኸት የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተነካኩ ቅጭል፣ ቅጭል ማለት ጀመሩ።

«ባቡር መጣ መሰለኝ፣ እትዬ» አለች ዙፋን ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«የዕቃ ነው፤ ከከተማ የሚወርድ» አለች ፀሐይቱ። ሌላ ነገር ሁሉ ሲያጠራጥራት ባቡር ግን አያጠራጥራትም። «የሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ተቀመጪ።»

ተቀመጡ። የጣቢያው ደወል ተመታ። ያን ጊዜ ነው ፀሐይቱ የደነገጠችው፤ ለዕቃ ባቡር ደወል አይመታም። በሩን ሳትቆልፍ እየሮጠች ወጣች። በጓሮ በኩል ዞራ ሐዲዱ ዳር ስትደርስ የመጨረሻው ፉርጎ ወደ ቃሊቲ አቅጣጫ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

የጣቢያው ስልክ ጠባቂ አቶ ኦልጅራ የደወሉን ገመድ እየጠቀለሉ ነበር። የአባቷ የሥራ ባልደረባ ነበሩ። «ምነው ፀሐይቱ፣ ዛሬ ስንቱን አስቀረው መሰለሽ፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬም ቀርቷል» አሏት።

«አልጮኸም እኮ፣ ጋሼ ኦልጅራ።»

«ለማን ይጩህ? መሻገሪያው ላይ አንድ ጥጃ የለ። ከብቱ ሁሉ መርፌ ሊወጋ ሄዷል።»

ትናንት በገዛ ጆሮዋ ሰምታው ነበር። አባባ ዱጉማ ፊቷ ቆመው፣ ያገሩ ከብት ሁሉ ወደ ሜዳው ይነዳል ብለዋት ነበር። የሰማችውን ከጩኸቱ ጋር ማያያዝ አቃታት። ለአዝራር መርፌና ክር የያዘች ሴት፣ ለዝናብ ላስቲክ የያዘች ሴት! ሐዲዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ቀጣዩ የሰው ባቡር ከሰዓት በኋላ ነው። ሰኞ ደግሞ ፋብሪካ።

ዙፋን አጠገቧ መጥታ ቆመች። አላለቀሰችም።

«እትዬ፣ ይኼንን አልተለማመድነውም» አለች ቀስ ብላ።

ይህች ቃል ፀሐይቱን ከድንጋዩ አነሣቻት። አስፋልቱ መንገድ ሩቅ አልነበረም። እዚያ ሲደርሱ አውቶቡስ ሰው ሞልቶ ሳይቆም አለፋቸው። ሁለተኛ አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ከዚያ አንድ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ከረጢት ጭኖ እያቃሰተ መጣ፤ ፀሐይቱም በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ እጇን አነሣች።

ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ብቻውን ነበር። ወፍራም፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ሰው። በመንገድ ተጠልፈው ስለ ጠፉ ልጃገረዶች የሰማችው ወሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጆሮዋ ተመለሰ። ዙፋንን በበሩ በኩል አስቀመጠችና ራሷ መካከል ገባች። የዙፋንን የነጠላ ጫፍ ከራሷ ነጠላ ጋር ቋጠረችው።

«ልጅሽ ናት?» አለ ሾፌሩ።

አልመለሰችም።

«ዱዳ ናት እንዴ?» አለ ወደ ዙፋን እያየ።

ዙፋን ሳቋን ልትይዝ አፏን ሸፈነች። ፀሐይቱ ዐይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ቃሊቲ ሲደርሱ ሾፌሩ አንዳች ሳይናገር መሪውን ጠመዘዘና ከአስፋልቱ ወጥቶ የአቧራ መንገድ ያዘ። ባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ የድንጋይ አጥር፣ ቀጥሎ ሰው የሌለበት ሜዳ። የዙፋንን ክንድ ጨበጠች፤ በሌላ እጇ የበሩን እጀታ ፈለገች። ስንዘል አብረን ነው የምንዘለው ብላ አሰበች። ጩኸት ልታሰማ ስትሞክር ግን እንደዚያ ቀን፣ እንደ ቢሮው ቀን፣ ምንም ድምፅ አልወጣትም።

መኪናው አንዲት ጎጆ ደጃፍ ቆመ። አንዲት አሮጊት ወጡ። ሾፌሩ ከረጢት ሽንኩርት አውርዶ፣ ጉልበታቸውን ስሞ፣ ተመርቆ ተመለሰ።

«እናቴ ናት» አለ መሪውን እየጨበጠ። ከዚያ ፀሐይቱን አየት አድርጎ፣ «ምነው እንዲህ አላበሽ፣ እህቴ? አሞሻል እንዴ?» አላት።

ዙፋን በነገረችው መሠረት ማሠልጠኛው በር ላይ ሲያወርዳቸው ክፍያ ብትሰጠው አልቀበልም አለ። ፀሐይቱ ማመስገን እንኳ የቻለችው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው።

ግቢው ጸጥ ብሏል። ፈተናው ተጀምሯል። ዘበኛው ወደ አንድ አረንጓዴ በር አመለከታቸው። ፀሐይቱ አንኳኳች፤ ነጭ የለበሰች፣ ደረቷ ላይ ሰዓት ያንጠለጠለች ረጅም ሴት በሩን ገርበብ አደረገችና «ማን ናችሁ?» አለች።

ፀሐይቱ አፏን ከፈተች። ተከፍቶ ቀረ። ሴትዮዋ ጠበቀች፤ የደረቷን ሰዓት ዘቅዝቃ አየች፤ በሩን ልትመልሰው እጇን አነሣች።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች ዙፋን። ግምጃ ቤቱ ውስጥ እንደምትናገረው፣ ሳትቸኩል። «ስሜ ዙፋን ዱጉማ ይባላል። የመጣሁት ከአቃቂ ነው። ባቡር አምልጦን ዘገየን፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች። ልክ እንደ ተማረችው፣ ተናግራ ጠበቀች።

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። በጽሑፉ የምትሠራው በቀረው ሰዓት እንደሆነ፣ በቃል ጥያቄው ደግሞ ከሁሉ ኋላ እንደምትገባ ነገረቻትና አስገባቻት። የተቋጠረው ነጠላ ተፈታ። በሩ ተዘጋ።

ፀሐይቱ ከጥዱ ሥር ተቀምጣ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ከሁሉ ኋላ የሚለው ቃል ቀስ እያለ ገባት። ቀትር ሆነ፤ ልጆቹ ከጽሑፉ ወጥተው በየተራ ለቃል ጥያቄ መጠራት ጀመሩ። አንዷ ትገባለች፤ ትቆያለች፤ ትወጣለች። ጥላው ዞረ። ተራው ዙፋን ዘንድ ሳይደርስ የማታው ባቡር መነሻ ተቃረበ። ያ ባቡር አቃቂ ይደርሳል። አባባ ዱጉማ በትራቸውን ተደግፈው እያንዳንዱን ፉርጎ ያያሉ። የሚወርደው ሁሉ ወርዶ ሲያበቃ ዙፋን የለችም።

በሩን አንኳኩታ ልጅቷን ልታወጣት ትችላለች። አደራው ይጠበቃል፤ ሰኞ ልጅቷ ፋብሪካ ትገባለች። ወይም ዝም ብላ ትቀመጥና እኚያን ሽማግሌ ለሁለተኛ ጊዜ ሐዲድ ዳር ታስቀራቸዋለች። ሣሩን ከቦርሳዋ አውጥታ አየችው። ጫፉ ጠውልጓል።

ተነሣች። ወደ አረንጓዴው በር አልሄደችም። ልጅቷን ለዘበኛው አደራ ብላ ወደ ለገሃር ሮጠች።

የያኔው ቢሮ ይሁን ሌላ ቢሮ አላወቀችም፤ ለእሷ ሁሉም ያው በር ነበር። አንኳኩታ ገባች። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ወጣት ወረቀት ይመለከታል። አቃቂ ጣቢያ ስልክ እንዲደውልላት የሚሆን ነገር ተንተባተበች።

«ስምሽ ማን ነው?» አለ ቀና ሳይል።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማታል። ጀርባዋ ወደ በሩ መሄድ ጀምሯል፤ እግሯ መንገዱን ያውቀዋል። ያን ጊዜ ለስንቱ ልጅ የደጋገመችው ነገር፣ በራሷ ድምፅ፣ ከቆቡ ሥር እንደሚወጣው ወፍራም ድምፅ ሆኖ መጣባት። የሚጠይቀኝ ስለማያውቀው ነው።

«ፀሐይቱ» አለች። «ፀሐይቱ እባላለሁ። አባቴ አቃቂ ሐዲድ ቀያሪ ነበሩ። አንድ ሰው እዚያ ይጠብቀኛል፤ የልጁ አደራ አለብኝ።»

ወጣቱ ቀና አለ። የሆነ ነገር ፊቷ ላይ አይቶ ይሆናል፤ ሌላ ሳይጠይቅ የስልኩን እጀታ አዞረ። አቶ ኦልጅራ ተገኙ። አባባ ዱጉማ ከከብቶቹ መልስ በጊዜ መጥተው ሐዲዱ ዳር ቆመዋል አሉ። ጠርተው አመጧቸው። አባባ ዱጉማ ስልክ በእጃቸው ይዘው አያውቁም ነበር፤ ፀሐይቱ መጀመሪያ የሰማችው ትንፋሻቸውን ብቻ ነው።

«አባባ፣ ፀሐይቱ ነኝ። ልጅዎት ደህና ናት። ፈተናው ስላላለቀ በዚህ ባቡር አንደርስም። በአውቶቡስ እንመጣለን።»

«ድምፅዋን አሰሚኝ» አሉ በመጨረሻ።

«እዚህ የለችም። ፈተና ላይ ናት።»

ልጅቷን ከዐይኗ አርቃለች። ይህንንም በራሷ አፍ ተናግራለች።

«ሣሩስ?»

«እጄ ላይ ነው።»

«እርጥብ ነው ደረቅ?»

መዋሸት ቀላል ነበር፤ ከአቃቂ ማን ያያል? «ጠውልጓል፣ አባባ» አለች። «ግን አልጣልኩትም።»

ወጣቱ ብዕሩን አስቀምጦ ይመለከታታል።

«እንግዲያው እዚሁ እቆማለሁ» አሉ አባባ ዱጉማ፤ ስልኩም ተዘጋ።

በመልሱ መንገድ ዙፋን አውቶቡሱ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ አወራቻት። ሦስት ሆነው ነበር የጠየቋት። በመጀመሪያ ስሟን ጠየቋት፤ ቀጥሎ ለምን እንደ ዘገየች። ስለ ከብቶቹ ነገረቻቸው። መርፌ ትፈሪያለሽ ወይ ሲሏት፣ ዛሬ ያስረፈደኝ መርፌ ነው ብላ መለሰች፤ ሳቁ። ያቺ ረጅሟ ሴት ግን ሳትስቅ፣ ያልታመመ ከብት ለምን እንደሚወጋ ታውቂያለሽ ወይ አለቻት። ዙፋን የምታውቀውን ተናገረች። ፀሐይቱ ትሰማለች፤ አትሰማም። አቃቂ የቆሙት ሽማግሌ ነበሩ በዐይኗ ላይ የሚመጡት። ቆመው ይሆን? ደክሟቸው፣ ተስፋ ቆርጠው ሄደው ይሆን?

ጣቢያው ሲደርሱ ለዓይን ያዝ አድርጓል። አባባ ዱጉማ አሉ። ፊታቸውን ወደ ሐዲዱ፣ ጀርባቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ቆመዋል፤ ልጃቸው በባቡር ካልሆነ በሌላ ትመጣለች ብለው ያመኑ አይመስሉም። ዙፋን «አባ» ስትላቸው ወዲያው አልዞሩም። ዞረው እጃቸውን አናቷ ላይ አሳረፉ፤ እዚያው ረጅም ጊዜ ተዉት።

ፀሐይቱ ሣሩን ዘረጋች። ተቀብለው በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት፤ ጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ አስገቡት። ጧት እንዴት ባቡሩ እንዳመለጣቸው ጠየቋት። ነገረቻቸው፤ መሻገሪያው ባዶ ስለ ነበር እንዳልጮኸ። አባባ ዱጉማ ወደ ገላን በኩል አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«ከብቶቹን የነዳሁት እኔ ነኝ» አሉ። ሰኞ ስለሚጀመረው ሥራ ግን አላነሡም።

ዙፋን ተቀባይነት አገኘች። ሣጥኗን ባቡሩ ላይ የጫኑት አባቷ ናቸው፤ እጇን ስታወዛውዝላቸውም ባቡሩ እስኪጠፋ አዩት።

ፀሐይቱ ከዚያ በኋላም ፈሪ ናት። ውሻ ትፈራለች፤ ስሟ ሲጠራም ትደነግጣለች። በፈተና ቀን ግን ልጆቿን ይዛ ገና ጎህ ሲቀድ ሐዲዱ ዳር እንደ እንግዳ ትገተራለች። ጠጅ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጡት ወንዶች እንኳ ገና ሳይወጡ። እየፈራች ትቆማለች፤ ብርጭቆ ቅጭል የሚልበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ አትጠብቅም።

ደግሞ በፈተና ቀን ባቡሩ ገላን ላይ ሳይጮህ ቀርቶ አያውቅም። ከብት ወደ ግጦሽ ቢወጣም ባይወጣም፣ ዝናብ ቢሆን፣ በዓል ቢሆን፣ አንድ ሽማግሌ አንድ በሬ ጎትተው መሻገሪያው አጠገብ ይቆማሉ። ነጂው በሬውን ያይና ጡሩምባውን ረዘም አድርጎ ያስጮኸዋል። ፀሐይቱም ሐዲዱ ዳር ቆማ፣ የጩኸቱን መምጣት እያወቀች፣ ሁልጊዜ ትደነግጣለች።